«መግባቱን ያረጋግጡ»፦ ስለ አንድ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ቋንቋ

በአፋቸው ለመመገብ የማይችሉ ሕሙማን ሕፃናት በአፍንጫቸው በኩል ወደ ጨጓራ በሚወርድ ቀጭን ቱቦ ይመገባሉ። ይኸው ቱቦ ከተፈለገው ስፍራ መድረስ አለመድረሱ በምን እንደሚታወቅ የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ባለ ሁለት ገጽ መመሪያ ቋንቋው እንዲታይ በቅርቡ ለዚህ ጸሐፊ ተሰጥቶት ነበር። መመሪያው የተዘጋጀው በአንድ የሕፃናት ማስተኛ ክፍል ለሚሠሩ ነርሶችና ለአስታማሚ ወላጆች ነው። የክፍሉንም ሆነ የተርጓሚውን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ የሚነቀፉት ነገሮች ይህ ጸሐፊም ጭምር በየጊዜው የሚፈጽማቸው ናቸውና። ትርጉሙ በጠቅላላው ንጹሕ አማርኛ ነው። ፊደሉ አልተዛነፈም፤ ዐረፍተ ነገሩ አልተንዛዛም። ይሁን እንጂ ይኸው መልካም ሆኖ የሚነበብ አማርኛ አንባቢውን ገና ያልመረመረውን ነገር እንደ ተመረመረ አድርጎ እንዲቀበል ይገፋዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሚሞከረው ይኸው ነው።

አስቀድሞ ነገሩን ራሱን መረዳት ይገባል። ቱቦው የሚወርደው በዐይን ሳይታይ ነው። አፍንጫን አልፎ ከጉሮሮ ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ወደ ጨጓራ የሚወስደው የምግብ መውረጃ፣ ሌላው ወደ ሳንባ የሚወስደው የአየር መተላለፊያ ነው። ቱቦው ወደ አየር መተላለፊያው የገባበት ጤነኛ ሰው ይስላል፣ ይታፈናል፣ ይታገላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ፣ ራሱን የሳተ ወይም ሕመም ያደከመው ሕፃን ግን ይኸን ሁሉ ላያደርግ ይችላል። በዚህ ሁኔታ የተሰጠ ወተት በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሕፃኑም በዚሁ ምክንያት ሊሞት ይችላል። ቱቦው በትክክል ከገባም በኋላ ቢሆን ሕፃኑ ሲስል፣ ሲያስመልሰው ወይም በእጁ ሲጎትተው ከስፍራው ይንቀሳቀሳል። ስለሆነም ምርመራው ቱቦው በገባ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ምግብ ወይም መድኀኒት በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ መደገም አለበት።

በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ሲደረስ ግን ቋንቋው ይለወጣል። አማርኛ በሚነገርበት ስፍራ ነርሷ በእንግሊዝኛ የተማረችውን ለእናቲቱ በአማርኛ ታስረዳለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሕፃኑ ጎን ተቀምጣ ቱቦው ሲንሸራተት ከሁሉ በፊት የምታየውም እናቲቱ ናት። የአማርኛው ቃል እንግዲህ በሥራ ላይ የሚውለው በዚህ ቦታ ነው።

የመመሪያው ዋና ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ምግብ ከመስጠትዎ በፊት ቱቦው ሆድ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ።» ለጆሮ የሚጎረብጥ ነገር የለበትም። ማንኛችንም ብንሆን እንዲህ ብለን እንጽፈው ነበር። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ ግን ቢያንስ አራት የተለያዩ ግሶች ነበሩ፤ አንዱ ዝም ብሎ መመልከትን፣ ሁለተኛው በማስረጃ ማመሳከርን፣ ሦስተኛው ቀድሞ የታሰበውን ማጽናትን፣ አራተኛው ነገሩ እንዲሆን ማድረግን ያመለክታሉ። ተርጓሚው አራቱንም በአንድ «አረጋገጠ» አጠቃሏቸዋል። በዚህ ብቻውን አይወቀስም፤ የመሥሪያ ቤት አማርኛችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይኸን ግስ ለሁሉ ነገር ሲያውለው ኖሯል። ደረሰኝ ይረጋገጣል፤ ፊርማ ይረጋገጣል፤ የስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ይረጋገጣል።

«አረጋገጠ» በቅርጹ ከ«ረገጠ» ዘር ነው። «እርግጥ» ያልነውም ነገር እግር ቆሞበት ያልከዳ መሬት ነው። የቃሉ ክብደት ከዚህ ይመጣል፤ አንድን ነገር አረጋገጥሁ የሚል ሰው ረግጬው አየሁት፣ ጸንቶ አገኘሁት ማለቱ ነው። መሬቱ ይጸናል ወይስ ይከዳል ብሎ በበትሩ ጫፍ የሚነካካ መንገደኛ ገና አላረጋገጠም። ይህ መንገደኛ የሚሠራውን ሥራ የሚገልጹ ግሶች ቋንቋው አላጣም፤ ፈተሸ፣ መረመረ፣ ፈተነ፣ አጣራ፣ ለካ አሉት። እነዚህ ሁሉ ውጤቱ ምን እንደሚሆን አስቀድመው አይናገሩም።

ይበልጥ ከባዱ ጉዳይ በግሱ ሳይሆን በተሳቢው ላይ ያለ ነው። «መግባቱን» የሚለው ቃል ከንኡስ አንቀጹ «መግባት»፣ ከባለቤቱ ምልክትና ከተሳቢው «ን» የተዋቀረ ነው። እንዲህ ያለው ሐረግ ከዐወቀ፣ ከሰማ፣ ከአየና ከአረጋገጠ ጋር ሲነገር ድርጊቱ የተፈጸመ ተደርጎ ይወሰዳል። «የአጎቴን መምጣት ሰማሁ» ወይም «መምጣቱን ሰማሁ» ያለ ሰው አጎቱ እንደ መጣ እየነገረን ነው። ጥርጣሬ ካለው «መምጣት አለመምጣቱን አልሰማሁም» ይላል። ልጅ ሲላክም ልዩነቱ ይታወቃል። «ደኅና መግባታቸውን አረጋግጠህ ና» ተብሎ የተላከ ልጅ እንዲያመጣ የሚጠበቅበት መልስ አንድ ነው፤ ላኪው የምሥራች ይጠብቃል፤ ልጁም ይኸን ዐውቆ ይሄዳል። «ገብተው እንደሆነ እይ» ተብሎ የተላከው ግን ሁለቱንም መልስ ይዞ ለመመለስ ነጻ ነው። በምግብ ቱቦው ዘንድ ነርሷ እንደ ሁለተኛው ልጅ መላክ ሲገባት መመሪያው እንደ መጀመሪያው ልኳታል። አስቀድሞ ቱቦውን ያስገባችው ራሷ ናት፤ ገብቷል ብላ ማሰቧም አይቀርም። ሰዋስዉ ደግሞ ያንኑ ሐሳቧን ያጸናላታል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «በሩ መዘጋቱን አረጋግጥ» የሚል ትእዛዝ በየቤቱ ይነገራል፤ በሩን ክፍት ያገኘ ሰውም ይዘጋዋል እንጂ በሰዋስዉ ተታሎ አያልፈውም የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን በር በዐይን ይታያል፤ ክፍት ሆኖ የተገኘ በርም በዚያው እጅ ይዘጋል። ይህ አነጋገር የተወለደው ማየትና ማስተካከል አንድ ላይ ከሚገኙበት ከእንዲህ ያለው ሥራ ነው። በሕፃኑ ደረት ውስጥ ያለው የቱቦ ጫፍ ግን አይታይም፤ የሚታየው የቱቦው ምልክት ብቻ ነው፤ እርሱም ሊዋሽ ይችላል። ስለዚህ በበሩ ላይ ጉዳት የሌለው ሐረግ በቱቦው ላይ ጉዳት አለው።

መዝገበ ቃላቶቻችን በዚህ ረገድ ተርጓሚውን አልረዱትም። ከደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. እስካሳተመው አማርኛ መዝገበ ቃላት ድረስ ያሉት ሥራዎች የግስን ፍች ይሰጣሉ፤ ግሱ ከምን ዐይነት የተሳቢ ሐረግ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያስገነዝብ ግን በደንብነት አይመዘግቡም። ለጠቅላላ አንባቢ ይህ ብዙም የሚያስፈልግ አይመስልም። ለተርጓሚ ግን በ«መግባቱን» እና በ«መግባት አለመግባቱን» መካከል ያለው ልዩነት ከግሱ ፍች ያልተናነሰ ነው።

ግሱ ለማይገባው ነገር ሲሰጥ ምን እንደሚሆን የመመሪያው ሁለተኛ አንቀጽ ያሳያል፦ «በሲሪንጅ አየር ወደ ቱቦው ያስገቡና በማዳመጫ ሆዱ ላይ በማዳመጥ ያረጋግጡ።» ይህ የማዳመጥ ዘዴ በዓለም ሆስፒታሎች ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው። አየሩ ሲገባ «ሽው» የሚል ድምፅ ከተሰማ ቱቦው ጨጓራ ውስጥ ነው ይባል ነበር። ነገር ግን ድምፅ በትንሽ ሰውነት ውስጥ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል፤ ሳንባ ውስጥ ወይም የምግብ መውረጃው ውስጥ የገባ አየርም በሆድ ላይ ሊሰማ ይችላል። ከዚህ የተነሣ በዚያን ጊዜ የነበረው የብሪታንያ ብሔራዊ የሕሙማን ደኅንነት ተቋም በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ ዘዴው እንዲቀር አሳስቧል። በአሜሪካም የሕፃናት ሆስፒታሎች የደኅንነት ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ማሳሰቢያ አውጥቷል። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሕፃናት የሆስፒታል ሕክምና ያዘጋጀው የኪስ መጽሐፍ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ እትሙ ከቱቦው ፈሳሽ ባልተገኘ ጊዜ ማዳመጥን እንደ ተከታይ እርምጃ ይዞታል፤ ወዲያውም ጥርጣሬ ካለ ቱቦው ወጥቶ እንደ ገና ይጀመር ይላል። መሣሪያ በጎደለበት ሆስፒታል ይህ የሚጠበቅ ነው።

ዘዴው ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለውን መፍረድ የሐኪሞች ፈንታ ነው። የእኛ ፈንታ ግን ቢቆይ እንኳ ከእርሱ ጋር ሊነገር የሚገባው ግስ የትኛው እንደሆነ መናገር ነው። ማዳመጥ ይጠቁማል፤ ቢበዛ ያመለክታል። አያረጋግጥም። ጠቆመ፣ አመለከተ፣ አስረዳ፣ አረጋገጠ እንደ መሰላል የተደረደሩ ግሶች ናቸው፤ ከዝቅተኛው ማስረጃ ወደ ከፍተኛው ያወጣሉ። የመመሪያው ጸሐፊ መሰላሉን ትቶ ሁሉን ከላይኛው ደረጃ ላይ አስቀምጦታል። እንግሊዝኛውም በዚህ ነጻ አይደለም፤ በዚያም ቋንቋ የማጽናትን ግስ ለደካማውም ለጠንካራውም ዘዴ እኩል ሲያውሉት ይታያል። ተርጓሚ የምንጩን ስሕተት የማረም ግዴታ አለበት ወይ የሚለው የቆየ ክርክር ነው፤ ወተት ወደ ሳንባ በሚሄድበት ጉዳይ ላይ ግን ለዚህ ጸሐፊ ክርክሩ የተዘጋ ነው።

ከዚህ የሚከተለው በመመሪያው ውስጥ ካሉት ሁሉ የከፋው ነው። ዛሬ ከአልጋ አጠገብ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች መጀመሪያ የሚመከረው ከቱቦው ጥቂት ፈሳሽ ቀድቶ በፒኤች ወረቀት መለካት ነው። በአሜሪካ በአስፔን ሥር የተቋቋመው ኖቬል የተባለ የሥራ ቡድን በ2018 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት ያወጣው ምክርም ይኸው ነው። የጨጓራ ፈሳሽ አሲድነቱ ብርቱ ስለሆነ በወረቀቱ ላይ የሚነበበው ቁጥር ዝቅተኛ ይሆናል፤ ከ1 እስከ 5.5 ያለው ቁጥር ቱቦው ጨጓራ ውስጥ ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል። መመሪያው ይኸን ሲመልስ፦ «የተቀዳው ፈሳሽ የአሲድ መጠን ከ5.5 በታች ከሆነ ምግብ መስጠት ይቻላል» ብሏል።

አንባቢ ሆይ፣ ይኸን ዐረፍተ ነገር የፒኤችን ነገር ከቶ እንዳልሰማ ሰው ሆነህ አንብበው። የአሲድ መጠን ከዚህ በታች ሲሆን መልካም ነው፤ እንግዲያስ አሲድ ያነሰው ፈሳሽ ነው የሚፈለገው ማለት ነው። የአሲድ መጠኑ 7 ሆኖ ቢገኝስ? አሲዱ በዝቷል ማለት ነው፤ የአሲድ ስፍራ ደግሞ ጨጓራ መሆኑን እናቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ እንግዲያው ቱቦው በስፍራው ነው። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ፒኤች የሚባለው ልኬት ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ የሚበረታበት፣ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ የሚደክምበት ነው። 7 የሆነ ፈሳሽ ከሳንባ የመጣ ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው «መጠን» በሚል አንድ ቃል ልኬቱን ገልብጦታል። ነርሷ ትምህርቷ ስለሚረዳት በልቧ አስተካክላ ታነበዋለች፤ እናቲቱ የምታስተካክልበት ነገር የላትም።

ልኬቱን በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሶረን ሶረንሰን ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ምን ቃል እንደምትወክል እስከ ዛሬ ያከራክራል። ልኬቱ በዐሥር እጥፍ የሚራመድ ነው፤ ከ5.5 ወደ 4.5 የወረደ ፈሳሽ የአሲድ ኀይሉ ዐሥር እጥፍ በርትቷል። «መጠን» ግን ለአማርኛ ተናጋሪ የሚሰፈርና የሚመዘን ነገር ነው፤ ሲበዛ ቁጥሩ ይበዛል። «የኮምጣጣነት ልክ» ወይም «የአሲድነት ደረጃ» ብንል ከዚሁ ችግር አናመልጥም፤ አሲድን ጠርቶ ቁጥር የሚያስከትል ስያሜ ሁሉ ይገለብጠዋል። የግብርና ባለሙያዎቻችን ይኸን ፈተና ከእኛ በፊት ገጥመውታል። ኖራ ስለሚያስፈልገው የደጋ መሬት ሲጽፉ «አሲዳማ አፈር» ይላሉ፤ ቁጥሩን ግን «የአፈሩ ፒኤች» ብለው ለብቻው ይጠሩታል። ሁለቱን ባይለዩ ኖሮ አሲድ ለበዛበት ማሳ «የአሲድ መጠኑ ዝቅ ብሏል» ብለው ኖራውን በከለከሉት ነበር።

ይህ ጸሐፊ ለውሰት ቃላት በቀላሉ በር ከሚከፍቱት ወገን አይደለም። ለፒኤች ግን የሚሟገተው እንደ ተወሰደ እንዲቀር ነው። ባዶ ስም መሆኑ ጥቅም አለው፤ አንባቢውን ምንም አያስጠብቀውም፤ ስለዚህም አያሳስተውም። አጠገቡ ግን «ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል» የሚል አጭር ማብራሪያ ሊለየው አይገባም። በተጨማሪም «ከ5.5 በታች» ሲባል 5.5 ራሱ ይገባል ወይስ አይገባም? በአማርኛ አይገባም። ወረቀቱ በግማሽ ቁጥር ልዩነት የሚነበብ ከሆነ 5.5 ተደጋግሞ የሚገጥም ቁጥር ነው። «5.5 ወይም ከዚያ ያነሰ» መባል አለበት። እንዲሁም መመሪያው በአንድ ስፍራ በፒኤች ወረቀት ፈንታ «ሊትመስ» ይላል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሊትመስ አሲድ መኖሩን በቀለም ይነግራል እንጂ ምን ያህል እንደ በረታ በቁጥር አይለይም፤ የብሪታንያው የ2005 ማስጠንቀቂያም የሳንባን ፈሳሽ ከጨጓራ ለመለየት እንደማይበቃ ገልጾ ከልክሎታል።

አሁን ደግሞ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ስለሚበልጥበት አንድ ጉዳይ። እንግሊዝኛው በሲሪንጅ ፈሳሽ ስቦ ማውጣትንና ምግብ ወይም ፈሳሽ ወደ ሳንባ መግባቱን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። የመጀመሪያው ሕፃኑን የሚጠብቀው ምርመራ ነው፤ ሁለተኛው ምርመራው የሚሸሸው አደጋ ነው። የእኛ ተርጓሚ ሁለቱንም «አስፕሬሽን» ብሎ በፊደላችን ጽፏቸዋል፤ ስለዚህም በአንድ ገጽ ላይ «አስፕሬሽን ያድርጉ» እና «አስፕሬሽን እንዳይከሰት ይጠንቀቁ» የሚሉ ሁለት ትእዛዞች ተገናኝተዋል። አማርኛ ለመጀመሪያው «ቀዳ» አለው፤ ውሃ የሚቀዳ ሁሉ ያውቀዋል። ለሁለተኛው «ትንታ» አለው። «ትን አለው» የማትል እናት የለችም፤ ቃሉም በድምፁ ጭምር ነገሩን ይስለዋል። ከዚህ የተሻለ ስያሜ ልናወጣ አንችልም፤ መጽሐፍ ዐዋቂ ስላልጻፈው ብቻ ልንንቀው አይገባም።

ሆኖም «ትንታ» አንድ ጉድለት አለበት። ትን ያለው ሰው ይስላል፣ ዐይኑ ያለቅሳል፤ ለእኛ ሳል የሌለበት ትንታ ትንታ አይደለም። አስቀድመን እንዳየነው ግን በደከመ ሕፃን ላይ የሚፈራው በተለይ ሳል የማያስነሣው ነው። ወደዚህ ነገር በመጨረሻ እንመለሳለን።

የቀሩትን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የመመሪያው ርእስ «የምግብ ቱቦ ምደባ ማረጋገጫ» ይላል። «ምደባ» ተማሪ ወደ ዩኒቨርስቲ፣ ሠራተኛ ወደ ክፍለ ሀገር የሚላክበት ቃል ነው፤ ቱቦው ሹመት አግኝቶ ወደ ጨጓራ የተዛወረ ይመስላል። የእንግሊዝኛው ቃል ማስገባትንም፣ ያረፈበትንም ስፍራ ይጠራል፤ እዚህ የተፈለገው ሁለተኛው ነውና «የምግብ ቱቦ ያረፈበትን ስፍራ ስለ መፈተሽ» ቢባል ይበቃል። «ሆድ» እጅግ ሰፊ ነው፤ ጨጓራውም አንጀቱም ሆድ ናቸው፤ አንጀት ድረስ የወረደ ቱቦም «ሆድ ውስጥ» ነው። «ጨጓራ» መባል አለበት፤ ምንም እንኳ «ጨጓራ አለብኝ» እያልን የአካሉን ስም ለበሽታው ብንሰጠውም።

ስለ ርዝመት መለኪያው የተጻፈው ግን ሊታለፍ አይገባም። ቱቦው ከመግባቱ በፊት ምን ያህል መግባት እንዳለበት በሕፃኑ ሰውነት ላይ ይለካል። የቀድሞው ልማድ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ሎቢ፣ ከዚያም እስከ ደረት አጥንት ታችኛ ጫፍ መለካት ነበር፤ ይህ ለሕፃናት ሲያጥር ስለሚታይ ዛሬ የሚመረጠው ከጆሮው ወርዶ በደረት አጥንቱ ጫፍና በእንብርት መካከል ባለው አጋማሽ ላይ የሚያቆመው ነው። እንግሊዝኛው ይኸን ሲያሳጥር አጋማሽን ከእንብርት ጋር ብቻ አጣብቆ ይጽፈዋል። ተርጓሚውም እንዳየው «አፍንጫ፣ ጆሮ፣ የእንብርት መሃል» ብሏል። የእንብርት መሃል ያው እንብርት ነው! እንደዚህ የተለካ ቱቦ ይረዝማል፤ ጨጓራውን አልፎ ወደ አንጀት ሊወርድም ይችላል፤ በዚያም የሚገኘው ፈሳሽ አሲዱ ደካማ ስለሆነ የፒኤቹ ቁጥር ከፍ ይላል። አንድ የአህጽሮተ ቃል ፍች የሚቀጥለውን ምርመራ ሁሉ ያበላሻል ማለት ነው።

የመጨረሻው አንቀጽ ስለ ራጅ ነው፦ «ካልተቻለ በራጅ ይረጋገጣል።» ራጅ እስከ ዛሬ ከሁሉ የታመነው ዘዴ መሆኑ ሐቅ ነው፤ ጨረሩ ስላለ ግን በሕፃን ላይ በየምግቡ ሊደገም አይችልም። ዐረፍተ ነገሩን የሚያስነቅፈው ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። ማን ያረጋግጣል? የተደራጊ ግስ ኀላፊውን ይሰውራል፤ (እኛም በነዚህ ገጾች ይኸን ግስ እጅግ እንደምንወደው መካድ አይቻልም።) በ2011 እ.ኤ.አ. የብሪታንያው ተቋም ከ2005ቱ ማስጠንቀቂያ ወዲህ ቱቦው ሳንባ ገብቶ በተሰጠ ምግብ ምክንያት 21 ሞትና 79 ሌሎች ጉዳቶች እንደ ደረሱ ሪፖርት እንደ ተደረገለት አስታውቋል፤ ዋናው ምክንያትም ራጁ በትክክል አለመነበቡ ነበር። እንግዲህ ራጅ ራሱ አያረጋግጥም። የሠለጠነ ሰው ያነበዋል፤ አንብቦም ይጽፋል። በአማርኛ «ራጅ ተነሣ» እንላለን፤ «ራጅ ተነበበ» የሚለውን ግን ገና አልለመድነውም።

ስለ «አልተረጋገጠም» አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። መመሪያው «ቁጥሩ ከ5.5 ከበለጠ ቱቦው ሳንባ ውስጥ ነው» ይላል። ይህም ሐሰት ነው። ሕፃኑ ወተት ከወሰደ ብዙ ካልቆየ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኀኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ወይም የቱቦው ጫፍ አንጀት ደርሶ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከፍ ያለ ቁጥር የሚለው ስፍራው አልታወቀም ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱ ሦስት ነው፤ ገብቷል፣ አልገባም፣ አልታወቀም። «ማረጋገጥ» የሚለው ግስ ለሦስተኛው መልስ ስፍራ አይሰጠውም፤ «አልተረጋገጠም» ሲባልም በዘመኑ አነጋገር ወሬ መሆኑን ያህል ተቃልሎ ይሰማል። «አልታወቀም» ግን እጅን ያቆማል።

ከዚህ በላይ በተባለው መሠረት የነርሷ ገጽ በሚከተለው መልክ እንዲጻፍ ለክፍሉ ሐሳብ ቀርቧል፦ «ምግብ ከመስጠትዎ በፊት የቱቦው ጫፍ ጨጓራ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ይፈትሹ። በሲሪንጅ ጥቂት ፈሳሽ ይቅዱ። ፈሳሹን በፒኤች ወረቀት ይለኩ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ቁጥሩ 5.5 ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ ምግቡን ይስጡ። ቁጥሩ ከ5.5 ከበለጠ ወይም ፈሳሽ ካልተገኘ የቱቦው ስፍራ አልታወቀም፤ ምግብ አይስጡ፤ ሐኪም ይጥሩ።» የእናቲቱ ገጽ ለብቻው ይሆናል፤ ያውም አጭር፦ «በአፍንጫው ሥር በቱቦው ላይ ያለው ምልክት ከቦታው ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ልጅዎ ትን ካለው፣ ካስመለሰው፣ ትንፋሹ ከተለወጠ ወዲያውኑ ነርሷን ይጥሩ።»

«ይፈትሹ» የሚለውን አንድ ባልደረባችን አልወደደውም፤ ፍተሻ የበር ዘበኛ ሥራ ነው አለ። ይሁን፤ ዘበኛው የሚፈትሸው መሣሪያ መኖሩን ለማጽናት ሳይሆን መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ነውና ንጽጽሩ ቃሉን አይጎዳውም። ሳይፈታ የቀረው ሳል የሌለው ትንታ ነው። «ድምፅ አልባ ትንታ»፣ «ስውር ትንታ» እና «ዝምተኛ ትንታ» የሚሉ ሦስት ሐሳቦች ቀርበዋል። ሁለተኛው ይሻል ይመስላል፤ ነገር ግን «ስውር» ከዐይን የተሰወረን እንጂ ከጆሮ የተሰወረን አያመለክትም የሚል ክርክር ተነሥቶበታል። በገጠር አዋላጆችና በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶች አፍ ላይ ለዚህ የሚነገር ቃል ያጋጠመው አንባቢ ቢልክልን በሚቀጥለው ዕትም እንመለስበታለን።